«ዜሮ ፐርሰንት ቼክ መጣልኝ፤ ሴቪንግ ላስገባው?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። የክሬዲት ካርድሽ ባንክ እስከ 10,000 ዶላር መጻፍ የምትችዪበት የባላንስ ትራንስፈር ቼክ (ስትጽፊው ዕዳው ካርዱ ላይ የሚመዘገብ ቼክ) በፖስታ ልኮልሻል። ለ15 ወር ወለድ የለውም፤ የማዘዋወሪያ ክፍያው 3 ፐርሰንት ነው። 4 ፐርሰንት የሚከፍል ሴቪንግ አለሽ። «እዚያ አስገብቼ ወለዱን ብበላ ምን ችግር አለው?» ነው ያልሽው። ሕገ ወጥ አይደለም። እኔም እዚህ ሜሪላንድ ዜሮ ፐርሰንት ካርድ ለዚሁ ነገር ተጠቅሜበታለሁ፤ መንገዱ ግን ከአንቺ ይለያል። መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው።

4ቱ የዓመት ነው። 3ቱ ግን አንድ ጊዜ፣ ገና ከጅምሩ የሚቆረጥ ነው። 300 ዶላር ማለት ነው፤ ዕዳሽ በመጀመሪያው ቀን 10,300 ይሆናል። ከዚያ በየወሩ ሚኒመም ፔይመንት፣ ማለትም የግድ የሚከፈል ትንሹ መጠን፣ አለ፤ 100 ዶላር አካባቢ ያዢ። እሱም ከዚሁ ገንዘብ ስለሚወጣ ሴቪንግ ውስጥ በአማካይ የሚቀመጠው 9,300 ገደማ ነው። በ15 ወር 465 ዶላር ይወልዳል። 300ውን ቀንሺ፤ 165 ቀረሽ። አላለቀም። ሴቪንጉ ያለበት ባንክ ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ 1099 የሚባለውን የወለድ ገቢ ማሳወቂያ ፎርም ይልካል፤ ታክሱም የሚሰላው በ465ቱ ላይ እንጂ በተረፈሽ 165 ላይ አይደለም። 22 ፐርሰንት የምትከፍዪ ከሆነ 102 ዶላር ይሄዳል። 63 ዶላር ቀረ፤ የስቴቱ ታክስ ገና ሳይነካው። አንድ ምሽት ለሁለት ሰው ክትፎ ብታዢበት ያልቃል። ማዘዋወሪያው 5 ፐርሰንት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከኪስሽ ትጨምሪ ነበር።

ድሮ ያተረፉ ሰዎች አሉ፤ ወሬው የመጣው ከእነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 አንዳንድ ሴቪንግ 5 ፐርሰንት ይከፍል ነበር። የማዘዋወሪያ ክፍያው ደግሞ ብዙ ካርዶች ላይ ከ75 ዶላር አያልፍም ነበር። በ2008 መጨረሻ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ (ፌዴራል ሪዘርቭ) ወለዱን ዜሮ አካባቢ ሲያወርደው ጨዋታው ፈረሰ። ወለዱ በ2023 ተመልሶ ቢወጣም የ75 ዶላሩ ጣሪያ አብሮ አልተመለሰም።

እኔ የማደርገው ሌላ ነው። ለማዘዋወር ሳይሆን ለግዢ ዜሮ ፐርሰንት የሚሰጥ አዲስ ካርድ አወጣለሁ። እዚህ ላይ የማዘዋወሪያ ክፍያ የለም። አስቤዛውን፣ ቤንዚኑን፣ የመኪና ኢንሹራንሱን በእሱ እከፍላለሁ። ሚኒመሙን ኦቶ ፔይ ይከፍላል። በየወሩ ለካርዱ ልከፍል የነበረው ቀሪ ገንዘብ በዚያው ቀን ሴቪንግ ይገባል። ዕዳውም ሴቪንጉም አብረው ቀስ እያሉ ያድጋሉ። ከታክሱ በቀር ወለዱ የራሴ ነው፤ ብዙ ጊዜ 200 ዶላር የመክፈቻ ቦነስም አለው። ይህ የሚሠራው ግን ወትሮ የሚያወጣውን ብቻ ለሚያወጣ ሰው ነው። ዜሮ ሲያይ ቴሌቪዥን የሚያምረው ሰው አይሞክረው።

ቼኩን ልጠቀም ካልሽ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አንብቢ። ቼኩ የሚታየው እንደ ካሽ አድቫንስ (ከካርድ ጥሬ ገንዘብ እንደ መበደር) ከሆነ ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል። በዚያ ካርድ ዕቃ አትግዢ፤ ባላንሱ ሙሉ ካልተከፈለ ግዢው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ወለድ ይታሰብበታል። የሱቅ ካርዶች «በ12 ወር ከጨረስክ ወለድ የለም» የሚሉት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ትንሽ እንኳ ከቀረሽ ወለዱ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሙሉውን ያመጡብሻል። የእውነተኛው ዜሮ ጊዜ ሲያልፍ ግን ወለድ የሚታሰበው በቀረው ላይ ብቻ ነው። ለማንኛውም የዜሮው ጊዜ መዝጊያ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ከሴቪንግ አውጪው፤ ከባንክ ባንክ ሲተላለፍ ቀናት ይወስዳል።

ቤት ልትገዢ ካሰብሽ ፈጽሞ አትንኪው። ከክሬዲት ስኮር 30 ፐርሰንቱ የሚሰላው ባለብሽ ዕዳ ላይ ነው፤ ካርዱ ሲሞላ ስኮሩ ይወርዳል። አንድ ወዳጄ ይህንኑ አድርጎ ሞርጌጅ ሊጠይቅ ሄደ። አበዳሪው የባንክ ስቴትመንቱን አይቶ «ይህ 10,000 ከየት መጣ?» አለው። ከካርድ የተበደሩት ገንዘብ ለዳውን ፔይመንት (ለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ) አይቆጠርም። የቤቱ ነገር ዕዳው እስኪዘጋ ቆየ።

ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ዕቁብ ግቢበት፣ ሀገር ቤት ባንክ አስገቢው ብለዋል። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ዕጣሽ መጨረሻ ላይ ከወጣ ደግሞ 15 ወሩ ቀድሞሽ ያልቃል። እዚህ ባንክ ላይ ያለውን እስከ 250,000 ዶላር የመንግሥት የተቀማጭ ዋስትና ድርጅት የሆነው ኤፍዲአይሲ ዋስ ይሆንልሻል፤ ለዕቁቡ ዋስ የሚሆነው ሰብሳቢው ነው። የብሩን ነገር አትጠይቂኝ። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሊለቀቅ ሲል ዶላር በባንክ 57 ብር ነበር፤ አምስት ወር ሳይሞላው ከ120 አለፈ። 7 እና 8 ፐርሰንት ወለድ ይህን አይሸፍንም። ዕዳሽ ደግሞ በዶላር ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን ቼኩን ቀድጄ እጥለው ነበር። አንድ ነገር ግን ሳትነግሪን አልፈሻል። ሌላ ካርድ ላይ ወለድ የምትከፍዪበት ዕዳ አለሽ? በ24 ፐርሰንት 10,000 ዶላር ካለብሽ በዓመት 2,400 አካባቢ እየከፈልሽ ነው። እንደዚያ ከሆነ 300 ዶላሩን ከፍለሽ ዕዳውን ዛሬውኑ ወደዚህ አዙሪው። ካለሽ መጠኑንና ወለዱን ጻፊልኝ፤ በወር ስንት መክፈል እንዳለብሽ አብረን እናሰላዋለን።