ለቪአር (ምናባዊ እውነታ) የትኛው ግራፊክስ ካርድ ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም! ኮምፒውተሬ ላይ ያለው ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን የሚሠራው ክፍል) ጂቲኤክስ 1060 ነው። ኩዌስት 2 የቪአር መነጽር ገዝቼ በዋይፋይ ሳገናኘው ምስሉ ይቆራረጣል፣ ቶሎ ያዞረኛል። ጌሙን ሳሎን ወዳለው ቲቪም ማስተላለፍ እፈልጋለሁ። ፓወር ሰፕላዬ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) 450 ዋት ነው። ምን ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማዞሩን ችላ አትበለው። መነጽሩ በሰከንድ 90 ምስል ሲያሳይ ካርድህ እያንዳንዱን በ11 ሚሊሰከንድ ገደማ ሠርቶ መጨረስ አለበት፤ ከዘገየ ዓይንህ የሚያየውና የጭንቅላትህ እንቅስቃሴ አይገጥሙም፣ ማቅለሽለሹም ከዚያ ይመጣል። በዚያ ላይ ወደ ኩዌስትም ወደ ቲቪም የሚሄደውን ምስል እንደ ቪዲዮ የሚጨምቀው ይኸው ካርድ ነው።

እኔ ብሆን አርቲኤክስ 3060 እገዛለሁ፣ ባለ 12 ጊጋባይቱን። ባለ 8ም አለ፣ ስሙ አንድ ነውና እንዳትሸወድ! የባለ 8ቱ የሜሞሪ መስመር (ዳታ የሚያልፍበት መንገድ) ከ192 ወደ 128 ቢት ስለጠበበ ጌም ላይ ልዩነቱ ይታያል። የአንተ 1060 የሚበላው 120 ዋት ነው፣ ይሄኛው 170። የካርዱ አምራች ኤንቪዲያ የሚመክረው ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ስለሆነ ለእሱም ብር ያዝ።

ከመግዛትህ በፊት ግን ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኝ፣ መነጽሩን ደግሞ በ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ። ዋይፋዩ ደካማ ከሆነ የትኛውም ካርድ መቆራረጡን አያስቀርልህም።