መልስ፦ «ዘ ኤ ቲም»ን ለማየት የድሮውን ተከታታይ ማየት ግድ ነው?

የቴሌቪዥን ተከታታዩን ሳላይ ፊልሙ ይገባኛል ወይ ብለህ ለጠየቅኸው፦ አሳምሮ ይገባሃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ይህ ፊልም አራቱ ወታደሮች እንዴት እንደተገናኙና ባልሠሩት ወንጀል እንዴት እንደተፈረደባቸው ከሥሩ ይጀምራል። ከ1983 እስከ 1987 የታየው ተከታታይ የቬትናም ዘማቾች ያደርጋቸው ነበር፤ ፊልሙ ወደ ኢራቅ አዛወራቸው። ሌላው ቢያመልጥህ ብዙም አትጎዳም።

ለእኔ ፊልሙ የታንኩ ትዕይንት ነው። አውሮፕላናቸው ሰው አልባ በሆኑ አውሮፕላኖች ተመትቶ ሲጋይ፣ ጭነቱ ውስጥ ባለው ታንክ ተሳፍረው በፓራሹት ይወርዳሉ። ፓራሹቶቹ ሲበጣጠሱ ደግሞ መድፉን እየተኮሱ በግፊቱ አቅጣጫ ሊያስይዙት ይሞክራሉ! የፊዚክስ አስተማሪዬ ቢያዩት ጠመኔያቸውን በወረወሩ ነበር፤ እኔ ግን ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሊያም ኒሰን ሲጋራውን ነክሶ ዕቅድ ሲያወጣ ያምርበታል፤ ሳቁን የሚዘርፈው ግን እብዱን አብራሪ የሚጫወተው ሻርልቶ ኮፕሊ ነው።

የመጨረሻው የወደብ ውጊያ አሰልችቶኛል፤ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ ሲከመር ኮምፒውተሩ የሠራው መሆኑ ያስታውቃል።

ለሲኒማ ቤት የወጣውን ቅጂ ካገኘህ ስሞቹ ተዘርዝረው እስኪያልቁ አታጥፋው። ከድሮዎቹ አራት ሁለቱ፣ ዲርክ ቤኔዲክትና ድዋይት ሹልትዝ፣ ብቅ ይላሉ።