ማድያትና አመድ የሚመስለው ፋውንዴሽን

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጠያቂዋ መምህርት ናት፤ መልኳ ጠይም። ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ በሁለቱም ጉንጮቿና ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ማድያት ወጥቶባታል፤ ዐይኗም ሥር ጠቁሯል። «እትዬ፣ ፋውንዴሽን፣ ያን የፊትን መልክ አንድ የሚያደርገውን የሜካፕ ቅባት፣ ስቀባበት መጀመሪያ የጠፋ ይመስላል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ፊቴ አመድ የተነሰነሰበት ይሆናል» ትላለች። የቀለም ማስተካከያ ወይም ኮሬክተር የሚባለውን፣ በአንድ ሣጥን ብዙ ቀለም የያዘውን ገዝታ አረንጓዴውን ሞከረች፤ አልሆነም። ኮክ መሳዩን ሞከረች፤ ይባስ ብሎ ነጣባት። «ብርቱካንማውን ግን ፈርቼ አልነካሁትም» ብላለች። ታናሽ እኅቷ በጥር ቢቸና ላይ ትዳራለች። ኮሬክተሩን የሸጡላት ሰዎች ደግሞ ማድያት ያጠፋል ያሉትን አንድ ክሬም ጨምረው ሰጥተዋታል፤ ልጠቀመው ወይ ስትልም ጠይቃለች።

እታለም፣ የሚያስፈልግሽ ያ የፈራሽው ቀለም ነው።

አመዱ ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ። ማድያትሽን በመስተዋት ስታዪው ቡናማ ይመስልሻል። በቀን ብርሃን ጠጋ ብለሽ ካየሽው ግን ከቡናማው ሥር ወደ ሰማያዊና ወደ ግራጫ የሚያደላ ነገር አለ። የቆዳው ቀለም ወደ ውስጥ በጠለቀ መጠን ከላይ ሲታይ ሰማያዊነቱ ይጨምራል። ፋውንዴሽን ደግሞ መልኩን የሚያገኘው በአብዛኛው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከሚባለው ነጭ ዱቄትና ከቀይ፣ ከቢጫና ከጥቁር የብረት ኦክሳይዶች ነው። ቦታው አልሸፈን ሲልሽ ትደርቢያለሽ፤ ወይም ከፊትሽ ፈካ ያለ ትመርጫለሽ። በሁለቱም መንገድ የምትጨምሪው ነጩን ነው። ነጭ በሰማያዊና በጥቁር ላይ ሲያርፍ ግራጫ ይወጣዋል። ዕቃው ርካሽ ስለሆነ አይደለም፤ ውዱም ያው ነው።

ነጠላ ሲታጠብ ታውቂያለሽ። ቆይቶ ወደ ቢጫ ያደላውን ነጠላ እናቶቻችን በመጨረሻው ውኃ ላይ ሰማያዊ ማንጫ ጠብ አድርገው ያልቀልቁታል፤ ሰማያዊው ቢጫውን ይሰብረዋል፣ ነጠላውም ነጭ ሆኖ ይታያል። ኮሬክተር የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሰማያዊን የሚሰብረው ብርቱካንማ ነው፤ ቀይን አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅን ቢጫ። የሣጥንሽ ቀለማት ትርጉማቸው ይኸው ነው። አረንጓዴው የተሠራው ቆዳቸው ቶሎ ለሚቀላ ሰዎች ነው። አንቺ ሰማያዊ ባለበት ላይ አረንጓዴ ስትጨምሪ ወደ ሬሳ መልክ መቅረብ እንጂ መስተካከል አይመጣም። ኮክ መሳዩም ለፈካ ቆዳ የታሰበ ነው፤ ብርቱካን በብዙ ነጭ የተበረዘ ስለሆነ በጠይም ላይ ከነነጩ ተለይቶ ይታያል። በገበያ ያሉት ሣጥኖች አብዛኞቹ እኛን ታሳቢ አድርገው አልተሠሩም። በፈረንጆች 2017 ፌንቲ ቢዩቲ የሚባለው የሜካፕ ድርጅት በአንድ ጊዜ 40 ዓይነት የፋውንዴሽን ቀለም ይዞ ሲወጣ ሌሎቹም ወደ ጠቆረው ወገን ማብዛት ጀመሩ፤ ወደ እኛ ሱቆች የሚደርሰው ግን ዛሬም በብዛት የፈካው ነው።

እኔ የምመርጠው በራሳችን የመልክ ስም ነው። ቀይ ለሆነች ሴት ኮክ መሳዩ ይበቃል። ለቀይ ዳማ ፈዘዝ ያለ ብርቱካንማ፣ ለጠይም የደመቀ ብርቱካን፣ ለጥቁር ደግሞ ወደ ቀይ ያደላ የሸክላ ቀለም ይሆናል። ብርቱካኑ አንሶ ግራጫው አሁንም ከወጣ ወደ ቀይ ይበልጥ ወዳደላው ኮሬክተር አንድ ደረጃ ውረጂ። ብርቱካኑ ራሱ ከላይ ፈልቶ ከታየ ደግሞ ወይ ቀለሙ ጠንክሮብሻል፣ ወይ አብዝተሻል፤ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ አብዝተሻል።

አሁን ወደ አቀባቡ እንሂድ። ፊትሽን ታጥበሽ ማለስለሻ ተቀቢ፣ ቀጥሎ የፀሐይ መከላከያ፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ተይው፣ ቆዳው ይጠጣው። እርጥብ ቅባት ላይ የተቀባ ኮሬክተር ይንሸራተታል። ከብርቱካኑ ግማሽ ምስር የምታህል በእጅሽ ጀርባ ላይ አውጪና በጣትሽ አሙቂያት። አሁን በቀለበት ጣትሽ ማድያቱ ላይ ብቻ፣ ከመሐሉ ጀምረሽ ወደ ዳር፣ መታ መታ አድርጊ። አትፈትጊ፤ የፈተግሽው ወዲያው ይነሣል፣ ጤነኛውንም ቆዳ ያበላሻል። ማድያቱ ድንበር የለውም፣ ስለዚህ ቀለሙም ዳሩ ላይ እየሳሳ መጥፋት አለበት። ስትጨርሺ ቦታው ብርቱካን መምሰል የለበትም። ጠይም ሆኖ ትንሽ ሞቅ ያለ፣ ከእሳት ዳር የተነሣሽ ዓይነት መልክ ከያዘ በቅቷል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጥቁሩ ፈጽሞ እስኪጠፋ ይደርባሉ። የኮሬክተር ሥራ ሰማያዊውን መስበር ብቻ ነው፤ የቀረውን ቡናማ ፋውንዴሽኑ ይጨርሰዋል።

አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቂና ፋውንዴሽኑን በእርጥብ ስፖንጅ እየተጫንሽ አሳርፊ። ማድያቱ ባለበት ስፖንጁን መጎተት የለም፤ ከጎተትሽው ከሥር ያለው ብርቱካን ይነሣና ፊትሽን በሙሉ ያቀላዋል። የፋውንዴሽኑን ቀለም በእጅሽ ጀርባ አትለኪ፤ እጅ ከፊት ይለያል። በመንጋጋሽ ላይ ሦስት መስመር አስምሪ፣ ከሱቁ ውጪ፣ ደጃፍ ላይ ቁሚና ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቂ፤ አንዳንዱ ከአየር ሲገናኝ ይጠቁራል። ከአንገትሽ ጋር የጠፋው መስመር ያንቺ ነው። ሻጩ ቢቸኩልም አንቺ አትቸኩዪ።

የዐይንሽ ሥር ለብቻው ይታያል። መስተዋት ይዘሽ ፊትሽን ወደ መስኮት አዙሪና አገጭሽን ቀና አድርጊ። ጥቁረቱ ከቀነሰ ቀለም ሳይሆን ጥላ ነው፤ ቦታው ስለጎደጎደ የተፈጠረ ነው፣ ብርቱካንም አይጠቅመውም። እዚያ ላይ ከመልክሽ ግማሽ ደረጃ የፈካ ኮንሲለር፣ ማለት ከፋውንዴሽን ወፈር ያለ መሸፈኛ፣ በስሱ ይበቃል። ጥቁረቱ እንዳለ ከቀረ ብርቱካኑን ከአፍንጫሽ ጎን ባለው ማዕዘን ላይ ነክተሽ ወደ ውጪ አሳሺው። ኮሬክተርም ኮንሲለርም ሽፋሽፍት ሥር ድረስ አይሄድም፤ እዚያ ያለው ቆዳ ስትስቂ ይታጠፋል፣ የገባውም ሁሉ በመስመር በመስመር ይሰበሰባል።

ብርቱካን ኮሬክተር ስላጡ ቀይ ሊፕስቲክ የሚጠቀሙ አሉ። ወደ ብርቱካን ያደላና የማያብለጨልጭ ከሆነ፣ ከኮንሲለር ጋር ተደባልቆ ለጉንጭ ያገለግላል። ውሎ የማይለቀውን ዓይነት ግን አትሞክሪ፤ ቆዳሽን ነክሮ ያስቀረዋል። ዐይን ሥር አይገባም፤ ለከንፈር የተፈቀደ ቀለም ሁሉ ለዐይን አካባቢም ተፈቅዷል ማለት አይደለም።

የሠርጉን ነገር እናንሣ። ቢቸና ላይ ዳስ መጣሉ አይቀርም፣ ዳሱም ሸራ ነው። ሰማያዊ ሸራ ከሆነ ሥሩ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ፊቱ ግራጫ ይመስላል፤ አንቺም መስተዋትሽን አውጥተሽ «ጠፋብኝ» ብለሽ ፓውደር ትጨምሪያለሽ፤ ከዳሱ ስትወጪ ኖራ ሆነሻል። ዳስ ውስጥ ሜካፕ አይስተካከልም፤ የሚጨመር ነገር ካለ ውጪ ወጥቶ ነው። ፎቶም ሌላ ጣጣ አለው። ፓውደር የበዛበት ወይም ነጭ የፀሐይ መከላከያ ወፍሮ የተቀባበት ፊት በፍላሽ ሲነሣ ከሐበሻ ቀሚሱ እኩል ይነጣል። ዋዜማውን ተቀብተሽ በስልክሽ ፍላሽ ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ ፎቶ ተነሺ። የነጣ ቦታ ካለ ያን ጊዜ ታያለሽ።

ጎጃም ነንና ቅቤውንም እንናገር። ሽሩባው በለጋ ቅቤ ከተቀባ እኩለ ቀን ላይ ቀልጦ በግንባር በኩል መውረዱ አይቀርም፣ የነካውንም ሜካፕ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። ቅቤውን ቢቻል በዋዜማው ተቀብታችሁ ጠዋት የፀጉሩን መነሻ ዙሪያውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ እዚያች ጠርዝ ላይ ብቻ ፓውደር ጠበቅ አድርጉ። ቅባት የማይነካው ሜካፕ አልተሠራም። ሌላው፣ አንድ ስፖንጅና አንድ የኩል ዘንግ ለሚዜዎች ሁሉ መዞሩ ይቅር። ትራኮማ ባለበት አገር ከዐይን ወደ ዐይን የሚዞር ዕቃ ጨዋታ አይደለም።

ይህ ሁሉ የዕለት ጉዳይ ነው፤ ማድያቱን አያድነውም። የሚያባብሰውን ማስቆም ግን በእጅሽ ነው። በእርግዝና የመጣ ማድያት ከሆርሞን ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው፤ አንዳንዴ ከወሊድ በኋላ በራሱ እየሳሳ ይሄዳል፣ ፀሐይ ካገኘው ግን ይከርማል። ሆርሞን ያለው የወሊድ መከላከያ ጀምረሽ ከሆነም ለጤና ባለሙያ ንገሪ፤ ሌላ አማራጭ አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በሺህ ሜትር ሲጨምር የሚያቃጥለው ጨረር አሥር በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ ግን ያታልላል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ጋቢ ያስለብስሽና ፀሐዩ ፊትሽን ሲበላው አይሰማሽም። ለማድያት የሚበጀው የፀሐይ መከላከያ SPF ተብሎ የተጻፈው ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ደግሞም ቀለም ያለው ነው። ማድያትን የሚያጠቁረው የማይታየው ጨረር ብቻ አይደለም፤ የሚታየውም ብርሃን ያጠቁረዋል፣ እርሱን የሚያግደው ደግሞ ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ነው። ለፊትና ለአንገት መጠኑ ሁለት ጣት ሙሉ ነው። ጠዋት ተቀብቶ ማታ ድረስ አይሠራም፤ ከቤት ውጪ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ይታደሳል። ጃንጥላም ትልቅ ነገር ነው፤ አያቶቻችን በፀሐይ ጃንጥላ የሚይዙት ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ከምጣድ ፊት ስትቆሚም ወላፈኑ በቀጥታ ፊትሽን እንዳያገኘው ራቅ በዪ፤ ሙቀትም ለማድያት አይበጅም።

ሎሚ የሚመክሩሽ ይኖራሉ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ሲድን ደግሞ ከማድያቱ የባሰ ጥቁር ጠባሳ ያስቀራል። ማታም ሜካፑን ስታወልቂ በሳሙና አትፈትጊ፤ ዘይት በጣትሽ አሙቀሽ ቀለሙ እስኪላቀቅ ደባብሺውና በለዘበ ጨርቅ አንሺው። ፍትጊያ ራሱ ያጠቁራል።

ስለ ክሬሙ ግን ስሙን ስላልጻፍሽልኝ ካርቶኑን አንብቢ። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ካለበት ስቴሮይድ ነው፤ ያለ ሐኪም ፊት ላይ ሲዘወተር ቆዳን ያሳሳል፣ ደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያበዛል። እኔ ዘንድ የሚመጡ አንዳንድ ሙሽሮች ጉንጫቸው የቀላው በእንዲህ ዓይነቱ ነው፤ ያን ጊዜ ነው አረንጓዴው ኮሬክተር ሥራ የሚያገኘው። ሃይድሮኩዊኖን የሚል ከሆነ ሐኪም ለተወሰነ ጊዜ ሊያዝዘው ይችላል፤ በራስ ፈቃድ ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት ግን ለማጥፋት የሚያስቸግር ሰማያዊ ጥቁረት ያመጣል። ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል (እርሱም ያው ሜርኩሪ ያለበት ነው) የሚል ካለበት፣ ወይም ጭራሹኑ የተሠራበት ነገር ያልተጻፈበት ከሆነ፣ ከቤት ይውጣ፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፣ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ በእጅና በፎጣ ይዛመታል። ያልከፈትሽው ከሆነ አትክፈቺው። ስቴሮይዱን ለሳምንታት ተቀብተሽው ከነበረ ግን በአንድ ጊዜ ማቋረጡ ፊትን ሊያስቆጣ ስለሚችል፣ ካርቶኑን ይዘሽ በዚህ ሳምንት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የቆዳ ሐኪም በቅርብ ከሌለ ጠቅላላ ሐኪምም ያየዋል።