ጥያቄና መልስ፦ ከመንገድ ገበያ የገዛሁት የድሮ ቤት ስዕል

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች። ኔዘርላንድ፣ ኡትሬክት ነው የምኖረው። በንጉሡ ቀን ሰው ያገለገለ እቃውን መንገድ ላይ ዘርግቶ ሲሸጥ አንድ ስዕል በ10 ዩሮ ገዛሁ፣ ውሃ የከበበው ትልቅ ቤት፣ ድልድይ፣ ጥቂት ዛፍ፣ ሁሉም ግራጫ። ጀርባው ላይ የቦታ ስምና 1745 ተጽፏል። ባለቤቴ "ምኑ ያምራል፣ ደረቅ ነው" አለችኝ። በእጅ የተሳለ ነው ወይስ ህትመት?

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ገዛኸው! ደረቅ የሆነው ሰዓሊው ስላልቻለ አይደለም፣ ስራው ቤቱን እንዳለ መመዝገብ ስለነበር ነው፣ መስኮቱ ስንት ነው፣ ጭስ ማውጫው በየት በኩል ነው፣ ድልድዩ እንጨት ነው ድንጋይ። ኮርኔሊስ ፕሮንክና ተማሪው ያን ደ ቤየር በ1700ዎቹ አገሩን እየዞሩ እንዲህ ይስሉ ነበር፣ ቦታው ላይ ቆመው ቶሎ ይነድፉና ቤት ገብተው በብዕርና ውሃ በበዛበት ቀለም ይጨርሱታል፣ ደ ቤየር ደግሞ የድሮ ንድፉን አውጥቶ ከዓመታት በኋላ ለገዢ እንደገና ይስል ስለነበር ጀርባው ላይ ያለው 1745 ቤቱ የታየበት እንጂ ስዕሉ ያለቀበት ዓመት ላይሆን ይችላል።

እኔን ከሁሉም የሚነካኝ ግን ከነሱ 100 ዓመት ቀድሞ የነበረው ሩላንት ሮክማን ነው። በ1646 እና 47፣ ገና 20 ዓመት አካባቢ ያለ ልጅ ሆኖ፣ ከ200 በላይ የግንብና የመኳንንት ቤት ስዕሎች በጥቁር ጠመኔና በግራጫ ቀለም ሳለ። በ1672 የፈረንሳይ ጦር ገባ፣ እናንተ ሰፈር ፌክት ወንዝ ዳር ያሉትን ስንቱን አቃጠለ፣ ብሮይከለን ያለው ኔይንሮደ የሚባለው ግንብ በ1673 ተቃጠለ። ከዛ በኋላ አንዳንዱ እንደገና ተሰራ፣ አንዳንዱ እስከዛሬ የለም፣ የድሮ መልካቸውን የምናየው ያ ልጅ ቆሞ ስለቆጠረልን ነው። ብዙዎቹ ስዕሎች አሁን ሃርለም ቴይለርስ ሙዚየም አሉ፣ እባክህ ለባለቤትህ ይሄን ንገራት።

ወደ ያንተ ስንመጣ አጉሊ መነጽር ያዝ። በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካየህ የዘመናችን ህትመት ነው። ጥላው ሳይቀር ሁሉም በቀጫጭን መስመር ከሆነና ዙሪያውን ወረቀቱ ተጭኖ ጎድጎድ ያለ አራት ማዕዘን ካለ ከመዳብ ሳህን የታተመ ነው፣ እሱም ቢሆን አሮጌ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ጠርዝ ላይ ተጠራቅሞ የደረቀ ከሆነና ከስሩ የእርሳስ ወይም የጠመኔ ጭረት ከታየህ ግን በእጅ ነው። ወረቀቱንም ወደ መስኮት ብርሃን አንሳው፣ የድሮ ወረቀት ውስጥ ተቀራርበው የተሰመሩ ስስ መስመሮች ይታያሉ። ፕላስተር እንዳትለጥፍበት፣ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይም እንዳትሰቅለው አደራ።

ከዛ ፎቶ አንሳና እዛው የኡትሬክት አርካይቭ (የመዛግብት ቤት) ካሉት የድሮ የቦታ ስዕሎች ጋር አስተያየው። የቤቱን ስም ግን አልጻፍክልንም፣ ከጀርባው እንዳለ ገልብጠህ ላክልን።