ስለ 2147483647 ያሻችሁን ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሒሳብ አስተምራለሁ። ከቁጥር ሁሉ የምወደው 2147483647ን ነው። 2ን 31 ጊዜ ደርድራችሁ አባዙና 1 ቀንሱ፣ እሱን ታገኛላችሁ። በሉ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ምኑ ነው እንዲህ የሚያስወድደው?

መልስ፦ ፕራይም ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም። ይህን ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ በ1772 እ.ኤ.አ.፣ ያውም ዓይኑ ማየት ተስኖት በነበረበት ጊዜ። ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ያለ ኮምፒውተር እንዴት ተቻለ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የቁጥሩ ስኩዌር ሩት 46340 ከምናምን ነው፤ ስለዚህ አካፋይ ካለው አንዱ የግድ ከዚያ በታች ይገኛል። ችግሩ ከዚያ በታች 4792 ፕራይሞች አሉ፣ ማን በእጁ ይጨርሳቸዋል? ኦይለር ግን አቋራጭ ነበረው፤ የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ ቢኖር ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 ካልሆነ በቀር ሊሆን አይችልም፣ በዚህ ብቻ የሚፈተሹት ወደ 373 ይወርዳሉ፣ ከነሱም ብዙዎቹ ፕራይም ስላልሆኑ ይዘለላሉ። መጀመሪያ የሚመጣው 63 ነው፤ 7 ሲባዛ በ9 ስለሆነ እለፉት። ከሱ ቀጥሎ 249 አለ፤ እሱም 3 ሲባዛ በ83 ስለሆነ እለፉት። ቀጥሎ 311 ይመጣል፣ እሱ ፕራይም ነው። እስቲ ወረቀት አውጡና ራሳችሁ አካፍሉት። 6905092 ደርሶ 35 ይተርፋል። አላካፈለም! እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻው መሄድ ነው።

ጥያቄ፦ በ31 ፋንታ ሌላ ፕራይም ብናስገባስ፣ ሁሌ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። በ11 ሞክሩት፣ 2047 ይመጣል፤ እሱ ደግሞ 23 ሲባዛ በ89 ነው።

ጥያቄ፦ ጌም ላይ ነጥቤ እዚህ ቁጥር ደርሶ ቀጥ አለ። ምንድነው ነገሩ?

መልስ፦ ጌሙ ነጥብህን በ32 ቢት፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 0 ወይም 1 በሚይዙ 32 ቦታዎች ነው የሚይዘው። አንዱ ቢት ለፕላስና ለማይነስ ምልክት ይሄዳል፣ በቀሩት 31 የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ይሄው ነው። ሠሪዎቹ እዚያ ላይ ባያስቆሙት ኖሮ 1 ሲጨመር ነጥብህ ማይነስ 2147483648 ይሆንብህ ነበር።

ጥያቄ፦ በ2038 ኮምፒውተር ሁሉ ይበላሻል የሚባለውስ?

መልስ፦ ከዚሁ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው። በ32 ቢት የሚቆጥሩት 2147483647 ሰከንድ ሲሞላ ቦታ ያልቅባቸውና ወደ 1901 ይመለሳሉ። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ደነገጥኩ፤ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ በአገር ቤት ሰዓት ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥምቀት ጠዋት! ሕዝቡ ጸበል ሊረጭ ባሕረ ጥምቀቱን ከብቦ ባለበት ሰዓት ማለት ነው። ስልካችሁ አዲስ ከሆነ አትስጉ፣ በ64 ቢት ነው የሚቆጥረው። የሚያሰጋው አንዴ ተገጥሞ ለዓመታት ማንም ዞር ብሎ ያላየው አሮጌ ማሽን ነው።