«የተለበጠ»፣ «ያጌጠ» ወይስ «ባለ ፈርጥ»?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። በፀሐይ ብርሃን ከውሃ ሃይድሮጅን እንዲያወጡ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች ላይ ፕላቲነም እያሳረፍኩ አጠናለሁ። በአማርኛው ማጠቃለያ «በብረት የተለበጠ ከፊል አስተላላፊ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከፊል አስተላላፊ (ሴሚኮንዳክተር) ያልኩት ቲታኒየም ዳይኦክሳይዱን ነው። አማካሪዬ «በብረት ያጌጠ» በል አሉኝ፤ ጓደኛዬ ደግሞ «ፕላቲነም ብረት አይደለም» ብሎ ሁለቱንም ጣለብኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ከጓደኛዎ ልጀምር፤ ይህ ክርክር በተነሣ ቁጥር ደሜ ይፈላልና። «ብረት ማለት ያ የሚዝገው ብቻ ነው፤ ሌላውን ማዕድን በሉት» የሚሉ ወገኖች አሉ። ግዕዙን ገለጥ ቢያደርጉ ዝም ባሉ ነበር። በግዕዝ የሚዝገው ኀፂን ነው፤ ትግርኛ ዛሬም ሓጺን ይለዋል። ብርት ይባል የነበረው መዳብና ነሐስ ነው። አማርኛ የእነዚህን ስም ለኀፂን ሰጠው። እንዲህ ከቤት ቤት የዞረ ቃል ፕላቲነም ደጃፍ ሲደርስ በሩ የሚዘጋበት ምክንያት አይታየኝም። «ማዕድን» ደግሞ ምኑን ይለያል? ጨውም ማዕድን ነው፤ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ራሱ ሩታይል በሚባል ማዕድን መልክ ከመሬት ይገኛል። ለጅምላው «ብረታ ብረት» ይበሉ፤ አንዱን ብቻ ሲጠቅሱ «ፕላቲነም» ብሎ ስሙን መጥራት ይበቃል።

«የተለበጠ» ግን ስሕተት ነው፣ ስሕተቱም ከሰዋስው ይልቅ የሳይንስ ነው። በወርቅ የተለበጠ መስቀል ውስጡ ምን እንደሆነ አይታይም፤ መለበጥ ገጽን ሁሉ መሸፈን ነውና። የእርስዎ ቅንጣት እንዲያ ቢሸፈን ሥራው ይቆማል። ብርሃን የሚውጠው ከፊል አስተላላፊው ነው፤ ሲውጥ ኤሌክትሮን ይነሣል፣ በቦታውም ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። ሁለቱ መልሰው ከመገናኘታቸው በፊት ኤሌክትሮኑን የምትቀበለው የፕላቲነሟ ነጥብ ናት። የሃይድሮጅን አየኖችም እዚያው ኤሌክትሮን ወስደው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ጋዝ ይሆናሉ። ጉድጓዱ በበኩሉ ከውሃ ጋር የሚገናኝበት ያልተሸፈነ ገጽ ይፈልጋል። ፕላቲነሙ ከልክ ሲያልፍ ብርሃኑን ይከልላል፣ ገጹንም ይዘጋል። ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት፣ ውሃን በብርሃን የመክፈል ሙከራ እንኳ ፕላቲነሙ በሽቦ ተያይዞ ለብቻው የቆመ ኤሌክትሮድ ነበር፤ በእርስዎ ዘንድ ያ ኤሌክትሮድ ደቅቆ ቅንጣቷ ላይ ወጣ።

«የተደባለቀ» የሚሉም አጋጥመውኛል። እሱ ሌላ ሥራ ነው፤ በዚያኛው የባዕድ አተሞች ክሪስታሉ ውስጥ ይገባሉ፣ በእርስዎ ግን ላዩ ላይ ይቀመጣሉ።

የአማካሪዎ «ያጌጠ» ቢያንስ ሽፋን አይልም። የግዕዝ ዘመዱ ሠርገወ ነው፣ ሸለመ፣ አስጌጠ ማለት፤ የተሸለመው ሥርግው ይባላል፤ የእኛ ሠርግም ከዚያው ቤት የወጣ ነው። ጥያቄው ይህን ያህል አልጠየቀም፤ ግን ሙሽራ ካጌጠ ለታይታ ነው፣ ፕላቲነሙ ደግሞ ለሥራ ተጠርቷል። እኔ «ባለ ፕላቲነም ፈርጥ» ብል እመርጣለሁ፤ ፈርጥ ቀለበቱን አይሸፍንም፣ በአንድ ነጥብ ይቀመጣል እንጂ። ግሥ ይውጣለት ካልን መከራ ነው፤ «ፈረጠ» ብለን የእባጭ ነገር እንዳናወራ። ፈርጥም ጌጥ አይደለም ወይ ቢሉኝ መልስ የለኝም፤ ስለምወደው ነው። «ያጌጠ» አስተማሪውም ተማሪውም አፍ ላይ እየገባ ስለሆነ ቢጽፉት አልሰርዝብዎትም። በደብዳቤዎ ሳያስቡት የተጠቀሙበት «ማሳረፍ» ግን ከሁላችንም ይሻላል፦ «ፕላቲነም ያረፈበት ከፊል አስተላላፊ»።

ፕላቲነሙ የሚሠራውን ሥራ የሚጠራውን «ካታሊስት»ን (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ማለት ነው) ግን አይንኩት። ስዊድናዊው ኬሚስት ቤርሴሊየስ እ.ኤ.አ. በ1835 ከግሪክ ካበጀው «ካታሊሲስ» የወጣውን ስያሜ ብዙው ዓለም ተቀብሎታል። «አፋጣኝ» እንዲባል ብዙ ተሟግቻለሁ፤ ነገር ግን ቃሉን አፋጣኝ ስብሰባና አፋጣኝ እርዳታ ወስደውታል።