የአንባቢያን ጥያቄ፦ ካንሰሩ አጥንት ገባ ሲባል

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከ4 ዓመት በፊት አንድ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ፣ ኬሞም ጨርሳ ደህና ነበረች። ሰሞኑን ወገቧን እያመማት ሲቲ ስካን ብትነሣ «አጥንት ገብቷል» ተባልን። ሌላ ካንሰር ያዛት ማለት ነው? ወንድሞቼ ደግሞ እንዳትሰማ ይላሉ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ያው የጡቱ ካንሰር ነው። ሴሎቹ በደም ተጉዘው አጥንት፣ ሳንባ፣ ጉበት ወይም አንጎል ላይ ቢያርፉም የጡት ካንሰርነታቸው አይቀርም፤ መድኃኒቱም የሚታዘዘው በዚያው ስሌት ነው። ስለዚህ ሐኪም ጋ ስትሄዱ የያኔውን የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ወረቀት ያዙ። ሐኪሙ የሚፈልገው ኢአር፣ ፒአር (ካንሰሩ ሆርሞን የሚቀበል መሆኑን የሚያሳዩ) እና ኸር-ቱ (በካንሰሩ ሴሎች ላይ ያለ ፕሮቲን) የሚባሉትን ሦስት ውጤቶች ነው። ወረቀቱ ከጠፋ ናሙናው የተመረመረበትን ላቦራቶሪ ጠይቁ፤ በሰም የተቀመጠው ናሙና ሊገኝ ይችላል። ከተቻለ ከአዲሱ ቦታም ናሙና ይወሰዳል፤ ውጤቱ ከቀድሞው የሚለይበት ጊዜ አለ።

ኢአር ፖዘቲቭ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው የሚዋጥ የሆርሞን መድኃኒት ነው፤ ለምሳሌ የወር አበባ ላቆመች ሴት ሌትሮዞል 2.5 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ። ሕመሙ ጋብ ሲል «ተሽሎኛል» ብሎ ማቆም የተለመደ ስህተት ነው። ጸበል የሚሄዱም ከሆነ ክኒኑን ይዘው ይሂዱ። አጥንት ለማጠንከር ዞሌድሮኒክ አሲድ በግሉኮስ መስመር ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት ኩላሊት ይመረመራል፣ ጥርስም ይታያል። የሚነቀል ጥርስ ካለ መነቀል ያለበት ቀድሞ ነው፤ መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ከተነቀለ የመንጋጋ አጥንቱ አልድን ሊል ይችላል። ለሚያመው ቦታ ጨረር ይረዳል፤ አንዳንዴ አንድ ቀን ብቻ ይበቃል።

አሁን ወደ ወገባቸው። ወጌሻ ጋ እንዳትወስዷቸው፤ የሳሳ አጥንት ሲታሽ ሊሰበር ይችላል። ሕመሙ ጋደም ሲሉ ወይም ሲያስሉ ከባሰ፣ ደረት ወይም ሆድ ዙሪያ እንደ መቀነት ካጠበቃቸው፣ እግራቸው ከከበደ፣ መቀመጫቸው አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለ፣ ካንሰሩ ሕብለ ሰረሰርን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በእግራቸው እየሄዱ የደረሱ አብዛኛውን ጊዜ መራመዳቸውን አያጡም፤ እግር ከሰለለ በኋላ ግን መመለሱ አስቸጋሪ ነው።

ለወንድሞችዎ ይህንኑ ንገሩ። ምን እንደያዛቸው ያላወቁ እናት የእግር መደንዘዝን የእርጅና ነው ብለው ዝም ይላሉ። ሐኪሙ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቃቸው፤ መልሱን ለራሳቸው ተዉላቸው። ካንሰሩን ነቅሎ የሚያጠፋ ሕክምና እዚህ ደረጃ ላይ የለም፤ ግን በሕክምና ዓመታት የሚኖሩ፣ ቤታቸውን የሚመሩ ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ የሞርፊን ሽሮፕ ታዘዘላት። ሱስ አይሆንባትም? ከዚህ ሌላ ማስታገሻ ልላክላት? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ አይላኩ። በሻንጣ የሚመጣው አይቡፕሮፌን ኩላሊትና ጨጓራ ሊጎዳ ይችላል፤ ሐኪሟም ሳያውቀው ከሌላው ጋር ይደራረባል። በሐኪም ልክ ለካንሰር ሕመም የሚሰጥ ሞርፊን ሱስ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ሰውነት ስለሚለምደው ግን በአንዴ አይቆምም፤ እየተቀነሰ ነው።

የሚበላሸው አሰጣጡ ላይ ነው። ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ በየ4 ሰዓቱ ነው፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ምሽት 12፣ ማታ 4 ሰዓት። ሐኪሟ ከፈቀደ የመኝታው መጠን እጥፍ ሆኖ የሌሊት 8 ሰዓቱ ይዘለላል። በሻይ ማንኪያ አይለካ፤ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ ይሁን። ሽሮፑ የተለያየ ጥንካሬ አለው፤ ጠርሙስ በተቀየረ ቁጥር በ1 ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለው ይነበብ። የሆድ ድርቀት ስለማይቀር የሆድ ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን ይታዘዝላት። ማቅለሽለሹና ድብታው በቀናት ይለቃል። ለመቀስቀስ ካስቸገረች ወይም ትንፋሿ ከዘገየ ግን ቀጣዩን አትስጧት፤ ወዲያው ሐኪም ቤት።

ጥያቄ፦ በየጥቅምቱ መሥሪያ ቤታችን ሮዝ ሪቫን ያስራል። ለተሠራጨባቸውስ ምን እናድርግ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ኦክቶበር 13 የእነሱ ቀን ነው፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 3 ላይ ይውላል። «ቀድሞ የተመረመረ ይድናል» የሚለው መፈክር እነሱን ጥፋተኛ ያስመስላቸዋል፤ በጊዜ ታክመውም ካንሰሩ የሚመለስባቸው አሉ። ከሪቫኑ ጋር የኪስ ካርድ አሳትሙ፤ ከላይ ያልናቸውን የሕብለ ሰረሰር ምልክቶች ጻፉበት። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ፓራሲታሞል ውጦ አይተኛ፤ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂድ። ለዚህ ደግሞ ከካርዱ ጋር ቴርሞሜትር ብትሰጡ ከቲሸርቱ ይሻላል።